የጋሼ መዝገብ ማኅተም የለሽ ደብዳቤዎች

ክርና ቁልፍ ልገዛ ወጥቼ ዝናብ ያዘኝና ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። እኔ ዣንጥላ የምረሳ ሰው አይደለሁም፤ ሰማዩ ጠርቶ እያለ እንኳ ይዤ ስለምወጣ ጎረቤቶቼ «ወይዘሮ ስጋት» እያሉ ይስቁብኛል። ያን ቀን ብቻ ረሳሁ። ዣንጥላ በረሳሁበት ቀን ደግሞ ደኅና ወሬ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሼ መዝገብም እዚያው ቆመዋል። የወጣላቸው ስም ሌላ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ስለወጡ ግን ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው። በብብታቸው ሥር በካርቶን የታሸገ የጠረጴዛ ማራገቢያ ይዘዋል።

«በዚህ ብርድ ማራገቢያ ምን ያደርግልዎታል፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ለኔ አይደለም። ኮምፒውተሩ ትኩሳት ይዞታል። ሳልነካው ሲያጉረመርም ይውላል፤ እጄን ባስጠጋ ይፋጃል። አየር ካገኘ ይሻለዋል ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ወር ቢሆነው ነው። አርጅቷላ። እኔም አርጅቻለሁ፤ አብረን እናጉረመርማለን።» ፈገግ አሉ። «ከትናንት ወዲያ ደግሞ ቅጽ ሰባትን ልክፈት ብለው እምቢ አለኝ። ምነው ወይዘሮ ስጋት፣ ፊትሽ ጠቆረ? የታመመው ማሽን ነው እንጂ ሰው አይደለም።»

ፊቴ የጠቆረበትን ምክንያት አንባቢ እንዲያውቅልኝ ስለዚያ ኮምፒውተር ጥቂት መናገር አለብኝ። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። የአካባቢያችን ሰው ልደትና ሞት የተጻፈባቸው አሥራ አንድ ትልልቅ መዝገቦች ሻገቱ። እሳቸው ማመልከቻ ጻፉ፤ መልስ ሲያጡ ደግመው ጻፉ፤ በመጨረሻ «በራስዎ ጊዜና በራስዎ መሣሪያ» የሚል ፈቃድ አገኙና የምሳ ሰዓታቸውን እየሠዉ እያንዳንዱን ገጽ በካሜራ አንስተው በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ አስቀመጡት። ወረቀቱ በኋላ በስብሶ ተጣለ። ዛሬ የልደት ማስረጃ የጠፋበት ሰው ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ «ጋሼ መዝገብ ዘንድ ሂድ» ነው የሚለው። ሰዉ ፍላሹን ይዞ ይሄዳል፤ እሳቸው የሚፈልገውን ገጽ ገልብጠው ይሰጡታል።

በቅጽ ሰባት፣ በሰባተኛው መዝገብ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ የኔ የመጀመሪያ ልጅ አለ። ወንድ ነበር። ሦስት ቀን ኖረ። ፎቶግራፍ የለውም፤ በተቀበረበት ቦታ ላይ መንገድ ወጥቶበታል። ስሙ በዚህ ዓለም የተጻፈው በዚያ ገጽ አንድ መስመር ላይ ብቻ ነው። በየዓመቱ በተወለደበት ቀን ጋሼ ቤት እሄዳለሁ። ምንም ሳይጠይቁኝ ገጹን ይከፍቱልኝና ሻይ ሊያፈሉ ወደ ጓዳ ይገባሉ። ሻዩ እስኪፈላ አየዋለሁ። ከዚያ ሻያችንን እየጠጣን ስለ ሌላ ነገር እናወራለን።

«ለምን በወረቀት አላትምልሽም?» ብለውኝ ነበር አንዴ። ወረቀት ይረጥባል፣ ይቃጠላል፣ አይጥ ይበላዋል፤ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ አልኩ። የባሰውን ሁሉ ሳስብ የኖርኩ ሴት ይህን አላሰብኩትም።

«ጋሼ፣ ልጄን ላምጣልዎት» አልኩ። ሁለተኛዋ ልጄ የኮምፒውተር ጥገና ተምራ በአንድ ጥገና ቤት ትሠራለች።

«የጥገና ቤት ሰው መዝገቤን አይነካም» አሉ፤ ፈገግታቸው ጠፋ። «ያን ልብስ ሰፊ ታስታውሺው የለም? ኮምፒውተሩን ለጥገና ቢሰጥ በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥበው ባዶውን መለሱለት። ‹ንጹሕ ነው› አሉት። የታጠበ ሳህን ይመስል።»

«እንግዲያው አትንካ። ታየውና ትንገርዎት።»

«ለማየት ከሆነ ደግ። ሻይ ትጠጣለች።»

ቅዳሜ ጠዋት ልጄና እኔ ሄድን። የጋሼ ክፍል ጠባብና የተስተካከለ ነው፤ እርሳሶቹ በቁመታቸው ተደርድረዋል፣ ሰዎች የረሷቸው ፍላሾች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ባለቤታቸው ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል። አዲሱ ማራገቢያ ፊት ለፊቱ ይነፍሳል። ከጨርቁ ሥር የሚወጣው ድምፅ ግን ከማራገቢያው ይበልጥ ነበር።

ልጄ ገና በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች። «ጋሼ፣ አሁን ምን እየሠሩበት ነው?»

«ምንም። ቁጭ ብሏል።»

«ቁጭ ያለ አያለከልክም። እርስዎ ካላዘዙት ሌላ ሰው እያዘዘው ነው።»

«እዚህ ከኔ በቀር ማን አለ?»

«እዚህ መሆን አያስፈልገውም። በኢንተርኔቱ በኩል ጉልበቱን ይሰርቃል። ሥራው የሱ፣ ሙቀቱ የእርስዎ።»

ጋሼ ሳቁ። «ልጄ፣ ሌባ ከኔ ምን ሊያገኝ? ቤቴ ያለው የሻገተ ወረቀት ሥዕል ነው።»

«ሌባው እርስዎን አያውቅዎትም። የሰዉን ሁሉ በር እየገፋ ያልፋል፤ ያልተቆለፈው ይከፈትለታል።»

«እናትሽ ወይዘሮ ስጋት ናት። አንቺ ደግሞ የሷ ትንሿ ቅጂ ሆነሻል።»

ይህን ብለው ጨርቁን ሲገልጡ ስክሪኑ ላይ ቀይ ሣጥን ብቅ አለ። «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው» ይላል፤ ከታች «እሺ» የሚል ቁልፍ አለው። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበቡ፣ እጃቸውን ወደ ማውሱ ዘረጉ። ልጄ ቀደም ብላ መዳፏን ማውሱ ላይ አሳረፈች። ሰው ሳይሰደብ የሚከለከልበት መንገድ ነው፤ ከኔ አልተማረችውም።

«ደብዳቤ መጥቷል እኮ» አሉ ቅር ብሏቸው። «ሠላሳ ስምንት ዓመት የመጣ ደብዳቤ ሳልመልስ አድሬ አላውቅም።»

«የመጣልዎትን ሁሉ ‹እሺ› ይላሉ?»

«መዝግቤ ነው የምለው። ዝም ብሎ ማለት የት አለ?» ከመሳቢያው ሰማያዊ ደብተር አወጡ።

ያን ደብተር እስከምሞት አልረሳውም። በማስመሪያ ተሰምሯል። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ፣ የተሰጠ ውሳኔ። ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለ ሣጥን ሁሉ ቃል በቃል ተመዝግቧል፤ በመጨረሻው ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ብቻ ይወርዳል፦ «ተፈቅዷል፣ ተፈቅዷል፣ ተፈቅዷል።» የመጨረሻው ቁጥር መቶ ስድሳ ሦስት ነበር።

ልጄ ትስቃለች ብዬ ፈራሁ። አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ እስከዛሬ ከጠገንኳቸው ሁሉ እንዲህ ያለ መዝገብ የያዘ ሰው አልገጠመኝም» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መዝገብ ቤት እያሉ ቁጥርና ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ሲመጣ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እመልሰዋለሁ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ በኔ በር አያልፍም። ሚኒስትር ነኝ ቢልም አያልፍም።»

«ይኸኛው ማኅተሙ የታለ?»

ጋሼ ወደ ቀዩ ሣጥን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ። «ትልቅ ስም ጽፎበታል» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደቅድሙ አልነበረም።

«ስምማ ማንም ይጽፋል። እውነተኛው ጠባቂ ስሙን እናውቀዋለን፤ እኛ ራሳችን ነን ያስገባነው። ባለፈው ዓመት በእማዬ በኩል በፍላሽ ልኬልዎት እርስዎ ያስገቡት አንቲቫይረስ የት ሄደ?»

ጋሼ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጡ። ጣታቸው ተራ ቁጥር አርባ አንድ ላይ ቆመ። ቀስ ብለው አነበቡ፦ «‹ጠባቂው ሥራ ስለሚያዘገይ እንዲያርፍ ይፈቀድ።› ተፈቅዷል።» ጣታቸውን ከገጹ አነሱ። ከዚያ «ዘበኛውን በሌባው ማመልከቻ አሰናበትኩት ማለት ነዋ» አሉ።

«እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ ጋሼ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው።»

«ብዙ ሰው መዝገብ ቤት አልሠራም።»

ልጄ የቅጾቹን ፎልደሮች ከፈተች። እያንዳንዳቸው ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ነበራቸው። «ይህ ቀስት ድሮ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ከሁለት ወር ወዲህ ነው። ጌጥ መስሎኝ።»

«ይህ ፎልደሩ ሳይሆን ጭምብሉ ነው። ሲጫኑት ቫይረሱን ይቀሰቅሱታል። እውነተኛውን ደብቆታል።»

«ደብቆታል ማለት… አለ?» አልኩ እኔ። ከገባሁ ጀምሮ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው።

«ገና አላውቅም፣ እማዬ።»

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ሐኪም በዚሁ ቃል መልሶልኝ ያውቃል። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ።

ጋሼ ግን ገና አልተረቱም ነበር። «ይሁን፣ በሽታ ገብቷል እንበል። በማጠብ ስም መዝገቤን ከምታጠፉብኝ እንደታመመ ይኑር። እኔ እንደሆንኩ ለጥቂት ዓመት ነው። በማራገቢያም በጸሎትም እንዘልቃለን።»

«ከኮምፒውተሩ ጋር እርስዎ ብቻ ቢታመሙ እሺ ባልኩ» አለች ልጄ። ለመናገር እንደከበዳት አየሁ። «በዚህ ወር እኛ ጥገና ቤት ስድስት ፍላሾች መጥተዋል። ሁሉም ላይ ይኸው ቀስት ነው። አንዱ የሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ይዞት ሄዷል። ከየት እንደመጣ ጠፍቶን ነው የከረምነው።»

ጋሼ ሌላ ደብተር አወጡ፤ ማስረጃ የወሰዱ ሰዎች የሚፈርሙበትን። ልጄ ስድስቱን ሰዎች በሥራቸው ጠራች፤ እሳቸው በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ነጥብ አኖሩ። ስድስቱም ተገኙ። ከዚያ እርሳሱን ከሌሎቹ ጋር በቁመቱ መለሱና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ሰው ማስረጃ ብሎ እጁን ሲዘረጋልኝ ደዌ ሳስይዘው ነበር» አሉ። «ንኪው፣ ልጄ። ግን መጀመሪያ…»

«መጀመሪያ እንገለብጠዋለን። የልብስ ሰፊው ጥፋት መታጠቡ ላይ አይደለም፤ ቅጂ ሳይያዝ መታጠቡ ላይ ነው።»

አንባቢዬ፣ እኔ የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ልጄ የሠራችውን ሁሉ አስረዳለሁ አልልም። ያየሁትን ግን ልናገር። መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለች፤ ሌባው እየሰማ ሌባ አይባረርም አለች። ቀጥላ ያለውን ሁሉ ባዶ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠችና ጥርጣሬ ያለበት መሆኑን ጽፋ ለብቻው አስቀመጠችው። ከዚያ በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ያዘጋጀችውን ፍላሽ ሰክታ ማሽኑን በዚያ አስነሣችው፤ በሽታው ገና ሳይነቃ እንዲፈተሽ ነው። ፍተሻው ሦስት ሰዓት ፈጀ።

እስኪያልቅ ድረስ የገቡትን ፕሮግራሞች ቀን ከሰማያዊው ደብተር ጋር አመሳከሩ። ልጄ ቀኑን ትጠራለች፣ ጋሼ ተራ ቁጥሩን ይመልሳሉ። እንደ ሁለት ጸሐፊዎች። አንዱም ሳይገጥም አልቀረም። የመጀመሪያው በር የተከፈተው በተራ ቁጥር ዘጠኝ ነበር።

«‹የሻገተ ጽሑፍ አጥርቶ የሚያሳይ ፕሮግራም በነፃ ይፈልጋሉ?›» ጋሼ አነበቡ። «አንዲት ሴት የአባቷን ስም ከሻጋታው ሥር ማንበብ አቅቷት አለቀሰች። በማግሥቱ ይህ መጣ። ለሷ ብዬ ነው የፈቀድኩት።»

በበጎ ሐሳብ የተከፈተ በር ሌባውን አልመለሰውም።

ፍተሻው ሲያልቅ ልጄ የተደበቀውን ገለጠች። ቅጽ አንድ መጣ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጋሼ በእያንዳንዱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የአሥራ አንዱም ስም ታየ። ቅጽ ሰባትን ስትከፍት ግን ከገጽ ሁለት መቶ በኋላ ምንም የለም።

ጋሼ ደብተራቸውን ማየት አላስፈለጋቸውም። «መቶ ሃምሳ ስምንት» አሉ። «‹ዲስኩ ሞልቷል፤ የማያስፈልገው ይጠረግ ወይ?› አለኝ። የዛሬ ስድስት ቀን።»

ልጄ የተጠረገውን የሚያስመልስ ፕሮግራም ከፈተች። አንዱ ገጽ ሲመጣ ሌላው እየተከተለ ብዙው ተመለሰ። በመጨረሻ አሥር ገጾች ቀሩ፤ ከሁለት መቶ አሥር እስከ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ። ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር «እማዬ፣ በላዩ ሌላ ነገር ተጽፎበታል» አለች። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከዝናቡ ቀን ጀምሮ ይህን ስጠብቅ ነበር። መጠበቄ ምንም አላቀለለልኝም። እናቶች መጥፎውን አስቀድመን ካሰብነው የሚያልፈን ይመስለናል፤ መፍራት እንጂ ለፈራነው መጠበቂያ ማበጀት አንችልበትም። እኔ ያን ገጽ ሁለት ጊዜ ባሳትመው፣ አንዱን ሣጥኔ ውስጥ፣ አንዱን እህቴ ዘንድ ባኖረው ዛሬ ይኖረኝ ነበር። ጋሼ ደብዳቤውን ሁሉ አመኑ፤ እኔ ጋሼን ብቻ አመንኩ። ስሕተታችን አንድ ነው።

ጋሼ ይቅርታ አልጠየቁኝም። የሚያውቁትን አደረጉ። በሰማያዊው ደብተር ንጹሕ ገጽ ላይ አዲስ ዓምዶች አሰመሩ፤ በገጹ ራስ ላይ «የጠፉ» ብለው ጻፉ። «የጠፋበት ምክንያት» ከሚለው ሥር «የደብዳቤው ማኅተም ሳይመረመር በመዝጋቢው ስለተፈቀደ» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ብዕሩን እንደያዙ ወደኔ ቀና አሉ።

«የመዝገቡ ጽሕፈት የኔ ነው። ስሙን አስታውሰዋለሁ» አሉ። «ግን መዝጋቢ በትዝታ አይጽፍም። ሰው ቀርቦ ሲናገር ነው የሚጽፈው። ንገሪኝ።»

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስሙን ድምፅ አውጥቼ ጠርቼው አላውቅም። ልጄም ሰምታው አታውቅም። ተናገርኩ። ጋሼ ጻፉት፤ ከጎኑ ቀኑን፣ የአባቱን ስም፣ የኔን ስም። «ተራ ቁጥር አንድ» አሉና ቀለሙ እስኪደርቅ ደብተሩን ሳይዘጉ ጠበቁ። ልጄ መስኮቱን ስታይ ቆየች።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልናገርና ላብቃ። ልጄ ማሽኑን ከሥሩ አጥባ የሚያንቀሳቅሰውን ሥርዓት እንደ አዲስ ጫነችበት፤ ጋሼም ቅጂው በእጃቸው ስለነበር እምቢ አላሉም። የይለፍ ቃላቸውን ሁሉ ከሌላ ጤነኛ ማሽን ሆነው ለወጡ። አንቲቫይረሱ ተመልሶ ሥራ ጀምሯል፤ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር ይቀበላሉ፣ ከራሱ ከሥርዓቱ መምጣቱን አይተው ግን ነው። ማሽኑ አያጉረመርምም፤ ማራገቢያው ለመደብሩ ተመልሷል። የሰው ፍላሽ ሳይፈተሽ አይከፈትም። ስድስቱን ሰዎች ጋሼ ራሳቸው ቤት ለቤት ሄደው ነገሯቸው፤ የሐኪም ቤቱ ሠራተኛ ክፉኛ ተቆጣቸው፣ እሳቸውም ቆመው ሰሙት። የመዝገቦቹ ቅጂ አሁን ሦስት ቦታ ነው። ሦስተኛው ከየትኛውም ገመድ ተለይቶ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እኔ ቤት ተቀምጧል፤ በየወሩ ለልጄ እሰጣታለሁ፣ መከፈቱን አይታ ትመልስልኛለች። ዘወትር እፈራለታለሁ። ፍርሃቴ አሁን ሥራ አገኘ።

በሰማያዊው ደብተር ከመቶ ስድሳ ሦስት በኋላ ያለው ውሳኔ ተለውጧል። «ማኅተሙ ስላልታወቀ ውድቅ ተደርጓል» ይላል። ጋሼ ደብዳቤ ሳይመልሱ ማደር አሁንም አይሆንላቸውም። በጠፉት አሥር ገጾች ላይ ሁለት መቶ ያህል ስም ነበር፤ በሽማግሌ ጉልበታቸው ሰዉን እየዞሩ እየጠየቁ እስካሁን ስልሳ አንዱን መልሰዋል። የቀረው ይገኛል ብዬ አላምንም። ብዙዎቹ የሚናገርላቸው የላቸውም።

ዘንድሮ በመጀመሪያ ልጄ ልደት ቀን ሄድኩ። ጋሼ ኮምፒውተሩን አልከፈቱትም። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ወደ ጓዳ ገቡ። አንድ መስመር ነው፤ አንብቤ ጨረስኩ፣ እንደገና አነበብኩ። ሻዩ ግን ዘንድሮ ሳይፈላ ብዙ ቆየ።